ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ዕለቱ እሑድ። ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ መቶ አሥራ ሦስት፣
ከዕድሩ ድንኳን ሥር፣ ከቆርቆሮው መጋዘን ፊት።
የተገኘ አባል ሰባ ሁለት፣ የቀረ አሥራ ዘጠኝ፤
ጸሐፊው እኔ ነኝ።
አጀንዳ አንድ፦ የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች፣
አጀንዳ ሁለት፦ ከለቅሶ ቤት ያልተመለሱ ድስቶች።
ሦስተኛ አልነበረም።

እታገኘሁ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣
የታቀፈችውን ልጅ ለጎረቤት ለቅቃ።
«ከመበተናችን በፊት» አለች፣ «አንድ ነገር አለኝ።»
ሻምበል ይመኑ ሰዓታቸውን አዩ። «ባጭሩ ንገሪኝ።»

ጫኔን ሁላችን እናውቀዋለን፤
የደረጃውን ሴራሚክ ያነጠፈልን፣
ፓምፑ ሲሰንፍ፣ አራተኛ ፎቅ ውኃ ሲጠፋ፣
የሰው ጀሪካን ተሸክሞ ሽቅብ የሚለፋ።
አሁን ሐሞቱ ጠጠር ቋጥሮ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፤
ቀበቶው በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል።

መድን አለው። ደብተሩን ከፌስታል ፈትታ አሳየች፤
ፎቶው አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ የዘንድሮውን ከፍላለች።
«ካርዱን በነፃ ወሰድን፤
ሐኪም በነፃ አየን፤
ቀጥሎ ‹ማሽኑ ተበላሽቷል› አሉን፤
‹የቀዶ ጥገና ተራችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው› አሉን፤
‹መርፌው እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ› አሉን።
ከውጭ? ከዚህ ከእኛ ወዲያ ደግሞ የት ነው ውጭ?

የግሉ ሆስፒታል ‹ነገ እንሠራዋለን› ይላል፤
ከማደንዘዣው በፊት ግን ማስያዣው ይቀድማል።
አርባ ሺህ። ፍሪጁን ሸጥሁ፣ ጌጤን ሸጥሁ፣
ከወንድሜ ተበደርሁ፣
አሥራ አምስት አደረስሁ።

ደንባችን፣ አንቀጽ አሥራ ሁለት፣
አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ይላል ሃያ አምስት፤
ሃያ አምስት ሺህ፣ ድንኳን፣ የሦስት ቀን ንፍሮ፣
ከቀብር የቀረ ቅጣቱ ተቆጥሮ።
የሞቱን አሁን ስጡኝ፤ ይሁነው ለነፍሱ።
ከዳነ ሠርቶ ይከፍላል፤ ሴራሚኩ ነው ዋሱ፤
ከሞተም አትምጡ፣ ለቅሶ አትድረሱ፤
ድንኳን አትትከሉ፣ ንፍሮም አትቀቅሉ፤
እኔው እቀብረዋለሁ፤ ‹ሒሳቡ ተዘግቷል› በሉ።»

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።
ከፈጣን መንገዱ የአዳማ መኪና ጩኸት መጣ፣ ሄደ፤
የድንኳኑ ጨርቅ አንዴ ተነፋ፣ አንዴ ወረደ።

ገንዘብ ያዥዋ ዝናሽ፦ «ሁሉ ሞቱን ቀድሞ ከበላ፣
ለቀባሪው ምን ይተርፋል በኋላ?»
ክፋት አልነበራትም። ሣጥኑን ታውቀዋለች፤
አምና ብቻ አምስት ሰው ቀብራበታለች።

አባ ቢያድግልኝ ተነሡ፣ በከዘራ፣ በሰው ትከሻ፦
«የእኔን ስጧት። እኔን ጠቅልሉኝ በኬሻ፤
ሰማንያ አልፎኛል፤ አፈር ማስያዣ አይልም፣
ደረሰኝም አይጠይቅም።»
አንዳንዱ ሳቀ። «ደንቡ አይፈቅድም»
አሉ ሻምበል፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ከዚያ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ።
ደገፉ፣ ሠላሳ አምስት።
ተቃወሙ፣ ሠላሳ ስድስት።
ድምፀ ተዓቅቦ፣ አንድ።
አንዱ ብዕር የያዘው፣
ሲጽፍ ያልተነሣው እጅ ነው።

መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይኸው፦
«አንዲት አባል ጥያቄ አቀረቡ። ከደንቡ ውጭ ሆኖ ተገኘ።
ወንበሮቹ እንዲጠገኑ፣ ለጥገናው ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር
ወጪ እንዲሆን፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።»

ማታ መብራት ጠፍቶ ደረጃውን በዳበሳ ስወጣ
አንዲት ሴራሚክ አልተነቃነቀች፣ አንድ ድምፅ አልመጣ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በበራቸው ሥር፣ ቀጭን የሻማ ብርሃን፤
ከውስጥ ሰው ብር ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል።
ላንኳኳ እጄን አነሣሁ፤
ዘግይቶ የወጣ እጅ፣
ማንም ያልቆጠረው።